ያለ ሞት የተነፋ ጥሩንባ

እኔ ገረሱ የየካ ሚካኤል ሰፈር የእድር ጥሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጠራለሁ፣ በቃ። በዚህ ሥራ ስኖር ሰው ሳይሞት የነፋሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያስነፋችኝም ሱልጣና ናት። ወሬውን እየቀጠሉና እየጨመሩ የሚያወሩ ስለበዙ እኔው ራሴ ልናገረው።

ሱልጣና የጎሚስታው የነጅመዲን ልጅ ናት። አባቷ ወሰን በሚባለው ሰፈር ጎማ ሲጠግን ኖሮ ቤቱን እኛ ሰፈር ሠራ። ልጅቷ ከትንሽነቷ ግትር ነበረች። ነጅመዲን ራሱ «ይቺ ልጅ እምቢ ማለትን ከጡት ጋር ነው የጠባችው» ይለን ነበር። ተማረችና የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች። ዩኒቨርሲቲው ከሰፈራችን በላይ፣ እንጦጦ ሥር ባሕር ዛፉ መሐል ባለው የባዮሎጂ ላቦራቶሪው ቀጠራት።

ሙዘይን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ኳስ ሲጫወት ሰፈሩን የሚያስጮህ ጎረምሳ ነበር። አንድ ክረምት ድዱ መድማት ጀመረ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ አልጋ ያዘ። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው አሉ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን እዚህ የሚለይ ነገር አልነበረም። ደሙ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ እስኪመጣ እኔ ለሙዘይን ጥሩንባ ነፋሁ፣ እድርተኛውም ጀናዛውን ተራ በተራ ተሸከመ። እኛ እድር ውስጥ እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። መልሱ ከቀብሩ በኋላ መጣ። መድኃኒት ያለው ዓይነት ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሱልጣናን እህል የሚያስረሳ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ የደሙን ዓይነት እዚሁ አገር የሚለይ መሣሪያ ማስገባት። አለቃዋ ዶክተር ዋቅጅራ ውጭ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የደም ሕዋስ የሚለይ መሣሪያ ነበረው። አዲስ ስለገዙ አሮጌውን በስጦታ እንሰጣችኋለን አሉት። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበርና እሷው አስረዳችኝ። «ጋሽ ገረሱ፣ ምስር ሲለቀም አይተዋል አይደል? ደግ ደጉ ወዲህ፣ ጠጠሩ ወዲያ። ይሄም ደሙን በጨረር ፊት አንድ በአንድ እያሳለፈ ይለቅመዋል» አለች። ምስር ካለችኝ በኋላ ገባኝ።

መስጠቱ ቀላል ነው፤ መቀበሉ ነው መከራው። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። አንዱ ቢሮ ጨረር ያለው ነገር የጦር ዕቃ ሊሆን ይችላል ብሎ ፈራ። ሌላው ከየትኛው ወገን አገር ነው የመጣው ብሎ ጠረጠረ። ጉምሩክ ደግሞ ከሁለቱም ቢሮ ይሁንታ ካልመጣ አልለቅም አለ። ዶክተሩ ታከተውና ሊተወው ሲል «እርስዎ ይፈርሙ እንጂ ደጁን ለእኔ ይተዉት» አለችው። ምሳዋን ቋጥራ ደጅ ትጠና ጀመር። ዘበኞቹ እንደ ዘመድ ለመዷት። አንዱ ሹም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ሊያጽናናት ቢሞክር፣ እንቁላሉ እስኪሄድ ሰው እየሞተ ነው ብላ መለሰችለት። እኔ ብሆን በወጉ እሰድበው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለች ዓመት አልፎ ጳጉሜ ላይ መሣሪያውን ከጉምሩክ አስፈታች። የዩኒቨርሲቲው የጭነት መኪና ትልልቅ የጣውላ ሳጥኖች ጭኖ፣ እሷም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ሰፈራችን ደረሰች። ላቦራቶሪው ጋ ለመድረስ ዳገቱ ብቻ ሲቀራት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዲንሳ መኪናውን አስቆመ። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ መኪናው ወንበር ማመላለሻ ይፈለጋል፤ ሳጥኖቹ ቀበሌ ግቢ ይውረዱ አለ። በዚህም አልበቃው፤ በዓሉ ቀን ተከፍተው የአብዮቱ ፍሬ ተብለው ለሕዝብ ይታያሉ አለ። ሱልጣና ውስጡ መስተዋት እንዳለው፣ ሰው ነካክቶት ቅንጣት ያህል ከቦታው ከተዛነፈ እዚህ አገር የሚያቃናው እንደሌለ ነገረችው። ውኃ ከነካውም አለቀለት። የቀበሌው መጋዘን ጣራ ደግሞ እንኳን ዝናብ ጤዛ አይመልስም። ዲንሳ ግን ዕቃው የሕዝብ ነው፣ የት እንደሚቀመጥ እኛ እንወስናለን ብሎ አወረደው፤ መኪናውንም ወሰደው። ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።

እኔ ደጄ ላይ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር። እየሮጠች መጣችና ጥሩንባውን ይንፉልኝ አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ማን ሞተ አልኳት። ማንም አልሞተም ስትለኝ ደሜ ፈላ። ጥሩንባ መጫወቻ ነው ወይ? ያለ ሞት መንፋት ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ አባቶቻችን እንደዚያ ነው ያስተማሩን። ከደጄ ሂጂልኝ፣ ሟርተኛ አልኳት። አልሄደችም።

«ለሙዘይን ነፍተዋል» አለች። «ወጥታችሁ ተሸክማችሁታል፤ አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ግን ጋሽ ገረሱ፣ እናንተ የምትሸከሙን ከሞትን በኋላ ብቻ ነው?»

ይኸን ጊዜ ይበልጥ ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለሆነ ነው። መጥረቢያውን ወረወርኩና ጥሩንባዬን ከምሰሶው አወረድኩ። ነፋሁት። ሰፈሩ ሲንጫጫ «ልብ ያለህ ልብ በል፤ ዛሬ የሞተ የለም፤ የሱልጣናን ዕቃ ለመሸከም ቀበሌ ግቢ ውጣ» እያልኩ ዞርኩ። ጎረቤቴ ወለተሥላሴ ጥሩንባውን እንጂ ቃሌን አልሰማችም ኖሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ወጣች። እውነቱን ስትሰማ ታዲያ ይህን ሁሉ እንባ ለማን አፈሰስኩት ብላ አፏን ከፈተችብኝ። ይሁንና ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

የእድራችን ዳኛ አቶ ኃይሉ ጥንቁቅ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ጢሙን እያሻሸ፣ ደንባችን ጥሩንባ ሲነፋ አባል ይወጣል ነው የሚለው፤ የሞተ ከሌለ ይመለሳል አይልም አለ። ከዚያ የቃሬዛውን አጣና፣ ገመዱን፣ ሁሉንም ከእድሩ ቤት አስወጣ። ግቢው ስንደርስ ዲንሳ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደ ብሎ ጮኸ። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ሱልጣና ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕቃው የሕዝብ ነው ብለውኛል» አለችው። «ሕዝቡ ይኸው መጥቷል።»

ጠመንጃ የያዙት አብዮት ጠባቂዎች የሰፈር ልጆች፣ የእድሩም አባላት ናቸው። ጥሩንባ ተነፍቶ ያልተሸከመ አባል የእሱ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው ያስባል። አንደኛው ጠመንጃውን ለባልደረባው አቀብሎ ትከሻውን ከአጣናው ሥር አስገባ። ከዚያ ወዲያ ዲንሳን የሰማው የለም።

ዳገቱ ጭቃ ነበር። ሱልጣና ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ወደ ኋላዋ እየተራመደች አታዘንብሉት፣ ቀስ በሉ ትለናለች። ይሄስ ሟች አስቸጋሪ ነው ብሎ አንዱ ቢቀልድ ሁላችን ሳቅን፤ በሳቁ ሳጥኑ ሲወዛወዝ ተቆጣችን። ዶክተር ዋቅጅራ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው ያን ሁሉ ሰው ሲያይ እሱም ገብቶ ተሸከመ። የመጨረሻው ሳጥን ከገባ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ይውረድ፤ ምን ቸገረን።

መሣሪያው ኅዳር ላይ ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የባለሱቋ የዘሙሩድ ልጅ ፋዲላ እንደ ሙዘይን ድዷ መድማት ጀመረ። ስሰማ ጥሩንባዬን ማየት ጠላሁ። ሱልጣና ደሟን ከሆስፒታሉ ራሷ ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ወጣች፤ ዓይነቱ በዚያው ሳምንት ታወቀ፤ ልጅቷም መድኃኒቷን ጀመረች።

ዲንሳ ግን ቂም የሚረሳ ሰው አይደለም። የቀበሌው ግምገማ ሲደርስ ግለሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ሕዝብን በሐሰት ጥሩንባ አሳድሜያለሁ፣ ተሳስቻለሁ፣ አይለምደኝም ብዬ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ያለ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሱልጣና እኔ ነኝ ያስነፋሁት ብላ ልትነሳ ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ይህ የእኔ ነው።

ተነሳሁ። ዲንሳ ያን ዕለት ማን ሞቶ ነበር፣ ስሙን ለሕዝቡ ጥራ አለኝ።

«የሞተ የለም» አልኩ። «ፋዲላ ያቻት፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ያን ዕለት ስለነፋሁ የእሷን ስም ለቀብር አልጠራሁም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በመድኃኒቱ ፀጉሩ የረገፈ ራሷን በሻሽ ሸፍናለች፤ ሲያዩዋት አፍራ እናቷ ጉያ ገባች። ዲንሳ ተቀመጥ አለኝ።

አልተቀመጥኩም።