ልጇ ሰማይ ላይ ሳለች

የሺሃረግ በቦንጋ ገበያ ማር ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ልጇ ትሁት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ከማንኪራ ገበሬዎች ማር እየተረከበች፣ የጫካውን መንገድ በእግሯ እየተመላለሰች ያቺን ልጅ ለዩኒቨርሲቲ አበቃቻት። ፊደል የለየችው ከልጇ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ዳዊቷን ራሷ ትደግማለች። ሰው ሲያዝንላት «ምን ቀረብኝ?» ትላለች፣ ከልቧ።

ትሁት ለትምህርት ሴኡል ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የመመለሻዋ ቀን ሲቆረጥ የሺሃረግ ተሳለች፦ «እመቤቴ፣ በሰላም አውርጃት እንጂ፣ ልጄ ሰማይ ላይ እስካለች እህል ውሃ አልቀምስም።»

ትሁት በስልክ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነስቼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አዲስ አበባ እገባለሁ» ስትላት በጣቷ ቆጠረች። ስድስት ሰዓት ተኩል! ተኝታ የምታልፈው ጾም። ስለዚህ በጉዞው ዕለት ምሽት ሳትቸኩል ቆጮዋን በጎመን በላች፤ ውሃም ጠጣች።

እጇን ታጥባ እያደረቀች ሳለ ጎረቤቷ ኢሳያስ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ብቅ አለ።

«እትዬ የሺ፣ ልጅቷ አሁን የት ደርሳ ይሆን?»

«ገና ሌሊት አይደል እንዴ የምትነሳው!»

«በእነሱ ሌሊት ነዋ! ፀሐይ እነሱ ጋ ቀድማ ነው የምትወጣው። የእነሱ ሌሊት ሰባት ሰዓት የእኛ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ከተነሳች ቆየች።»

ፎጣው ከእጇ ወደቀ። «ታዲያ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከአሥራ ሁለት ይበልጣል። ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እኮ ነው፤ በመኪና ቦንጋ ጅማ አርባ ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ ማለት ነው።»

«ወይኔ ልጄን! እሷ በባሕር ላይ ስትበር እኔ ቆጮ እጎርሳለሁ!»

ኢሳያስ ፕሮቴስታንት ነው፤ በስለቷ ሊቀልድ ይወድ ነበር። ያን ምሽት ግን እንባዋን አይቶ ተወው።

«ሲበሉ ምን ብለው ባረኩት?»

«‹ልጄን አደራ› ብዬ ነዋ። ሌላ ምን እላለሁ?»

«እንግዲያው እሷ ስትበር እርስዎ እየጸለዩላት ነበር።»

የሺሃረግ የውሃውን ጆግ ከፊቷ አራቀችና ዳዊቷን አነሳች።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ አዲስ አበባ ገባሁ! የጅማውን አውሮፕላን እየጠበቅኩ ነው።» የሺሃረግ መሬት ሳመች።

ኢሳያስ ሰምቶ መጣ። «በሉ፣ አሁን መሬት ላይ ናት፤ ውሃ ይጠጡ።»

«አልጠጣም። ማታ የበላሁትን ሰዓት ልመልስ።»

«እግዜር ሰዓት ይቆጥራል?»

«እሱማ ይቅር ብሎኛል። እኔ ነኝ ደስ እንዲለኝ የፈለግኩት።»

ትሁት ከጅማ በሚኒባስ ተሳፍራ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ፤ ኢሳያስም ሻንጣዋን ተቀብሎ አብሯቸው ገባ።

«እማዬ፣ ከንፈርሽ ደርቋል። ምሳ አልበላሽም?»

«አንቺን ሳላይ?»

ትሁት ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ዳቦ አወጣች። «ከአውሮፕላኑ ያተረፍኳት ናት፤ እዚህ ያለው ምግብ እስኪሞቅ ያዢያት።»

የሺሃረግ ዳቦዋን አገላብጣ አየቻት። እሷ ልትጾምለት የተሳለችውን ሰማይ አቋርጣ የመጣች ዳቦ። አማተበች፣ ለሁለት ቆረሰቻት፣ ግማሹን ለኢሳያስ ሰጥታ ግማሹን እያኘከች ሳቀች።