አገጬን ያሰርኩበት ቀን

ከጥርስ ምርመራ ለማምለጥ አገጬን በእህቴ ሻሽ ጠፍሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከምርመራው ልቀር ነው። ጥርስ ልታይ የመጣች ነርስ መጀመሪያ የምትጠራው ማንን እንደሆነ ለማሰብ የሚበቃ ጭንቅላት ከሻሹ በላይ አልነበረኝም።

ያስፈራራኝ የወንበር ጓደኛዬ ነው። ከአዋሳ ወጣ ካለ የሲዳማ መንደር የመጣ፣ ከብት አዋቂ ልጅ ነበር። ነርስ ድዳችንን ልታይ ትመጣለች የተባለ ዕለት ጆሮዬ ስር ተጠጋ።

«በሬ ሲገዛ መጀመሪያ ምኑ ነው የሚታየው?»

«እኔ በሬ ገዝቼ አላውቅ።»

«ጥርሱ ነው፣ አንተ! ዕድሜው እዚያ ላይ ነው ያለው። ደርግ ለድድህ አስቦ ይመስልሃል?»

ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምልበት ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት ሞልቶኝ አሥራ ስድስት ነኝ ብያለሁ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሳቄን እንኳ በእጄ መሸፈን ጀመርኩ።

«ያ አገጩን ያሰረው ይምጣ» አለች ነርሷ። ከቀበሌ አብሯት የመጣ ጓድ በሩ ላይ ቆሟል። ድድ ጠባቂ መሆኑ ነው?

«ክፈት።»

«ደህና ነኝ፣ ሲስተር» አልኩ ጥርሴን ገጥሜ።

«ሻሹ ላይ ደም አለ እኮ!»

እውነቷን ነው። ድዴ ይደማ ነበር፤ መፋቂያው ያደማኝ መስሎኝ መፋቅ ከተውኩ ከርሜያለሁ። ከፈትኩ።

«የሚደማው ስለማትፍቅ ነው» አለች። «ቆሻሻው ጥርስህና ድድህ የሚጋጠሙበት ላይ ተጋግሯል። ደማ ብለህ አትተው። መፋቂያውን አኝከህ አለስልሰውና ቀስ ብለህ ፋቅ።»

ትንሿ መስተዋት ወደ ጉሮሮዬ ገባ አለችና ትልቅ ሰው ሲኮን ብቻ ብቅ የሚለው የመጨረሻው መንጋጋዬ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት፣ ሲስተር።»

ወደ በሩ አየት አደረገች። «ዝጋ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይሄን አፍ ለማንም እየከፈትክ አታሳይ። ድድህ ሲድን ግን ክሊኒክ መጥተህ ለእኔ አሳየኝ። ቃል ግባ።»

ገባሁ።

መፋቁን ቀጠልኩ፤ ደሙ ቆመ። ክሊኒክ መሄዱን ግን የበሬው ሊቅ «ወጥመድ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ዓሣ ልገዛ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ስላክ እንኳ በክሊኒኩ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ነበር። ከቀበሌ ግን የጠራኝ የለም። ያየችውን መንጋጋ ለማንም እንዳልተናገረች የገባኝ፣ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረች በኋላ ነው።

ዛሬ በሬ ብሆን ጥርሴን አይቶ የሚገዛኝ አይገኝም። የተረፉትን ግን አሁንም ቀስ ብዬ እፍቃለሁ። ለዚያች ሴትዮ አንድ የተከፈተ አፍ ዕዳ አለብኝ።