ቅቤ ብቻ የሚያልፍበት ጉሮሮ

እቴነሽ ክትፎዋን ማድቀቅ የጀመረችው ለደንበኛ ብላ አይደለም። ወልቂጤ ላይ ክትፎ ቤቷን የሚያውቅ ሁሉ ግን ለእሱ ሲባል የተደረገ መሰለው። ቀድሞ ሥጋው አፍ ውስጥ ትንሽ ይታኘክ ነበር። አሁን ጅማቱን አንድ ክር ሳታስቀር ትለቅምና በሁለት ቢላ እየመላለሰች ትከትፈዋለች፤ ቅቤ ሲፈስበት ማንኪያ ላይ አልቆም ይላል። "እጇ እየጣፈጠ ሄደ" አሉ። ከአገና የሚመላለሱት የሚኒባስ ሾፌሮች ሳይቀሩ ደጇ ላይ ማቆም ለመዱ። ምስጋና ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን የሚያመሰግንህ ሰው ፊትህን አያይም።

እውነቱ ሌላ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ቆጮ በጎመን ስትበላ ጉርሻው ደረቷ መሐል ቆመ። ውሃ ጠጣችበት፤ ውሃውም ከላዩ ቆመና ተመልሶ መጣ። ደነገጠች። ወዲያው ደግሞ ለራሷ መልስ አገኘችለት፤ ጉሮሮዬ ደርቋል አለች። የደረቀ በምን ይለሰልሳል? ጉራጌ አገር ቸሃ ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ ብዙ አያስብም። እናቷ ጉንፋኑንም፣ ወላዷንም፣ ከዛፍ የወደቀውንም የምታክመው በቅቤ ነበር። እቴነሽም ጠዋት ጠዋት ለጋ ቅቤ እያቀለጠች በስኒ መጠጣት ያዘች። ቅቤው አላሳፈራትም፤ ልስልስ ብሎ ወረደ። በቃ፣ ዳነች።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። የቀለጠ ቅቤ እንኳን በጠበበ ጉሮሮ በመርፌ ቀዳዳም ያልፋል። እሷ መውረዱን እንጂ የቀረላትን ቀዳዳ መች አየች። ቆጮው እምቢ ሲላት ቆጮ ተወች። ሥጋው ሲያስቸግራት ሥጋውን አደቀቀች። ሕዝቡ ያወደሰው ያ ሁሉ ልስላሴ እሷ ራሷ መዋጥ የምትችለው ልክ ነበር፤ እያንዳንዱ ወር ደግሞ ልኩን ያጠብበው ነበር።

ልጇ ሩቲ ቡታጅራ ታስተምራለች። ቅዳሜ ስትመጣ የእናቷ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ታየዋለች።

"እማዬ፣ ከስተሻል።"

"የክትፎ ቤት ሴት ስትወፍር ነው የምትታማው" ትላለች እቴነሽ፤ ትስቅና ወደ ጓዳ ትገባለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። በቀልድ የሸፈነችው ነገር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ብትናገር እውነት የሚሆን እየመሰላት ዝም አለች።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ሩቲ ቆጮውን በክትፎ ጠቅልላ አፏ ድረስ አመጣችላት። የልጅ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ተቀበለች። አኘከች፣ ደግማ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረና ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሩቲ ተከትላ ስትደርስ እናቷ እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ጉርሻው እንደነበረ ነጭ አረፋ ለብሶ ከአፏ ሲወጣ አየች። ሆድ የነካው ምግብ እንደዚያ አይመለስም። ሩቲ አላለቀሰችም፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች።

ዶክተር አምሀ በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብቶ አየ፤ ከሥጋው ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

"ምግብ በክብደቱ የሚወርድ ይመስልዎታል?" አላት።

"ታዲያ በምን ይወርዳል?"

"የምግብ ቧንቧው ራሱ ከላይ እየጨመቀ ነው ወደ ታች የሚገፋው። ተኝተው ቢውጡም ይወርዳል። ጨጓራ ተቀብሎ በአሲዱ እያሸ ያላላዋል፤ ቀጭኑ አንጀት ደግሞ የሚጠቅመውን ለይቶ ለደም ይሰጣል። ያንን ሁሉ ቅቤ የሚፈታልዎት ሐሞት እንኳ በደንብ ይመነጫል። ከታች ያለው በሙሉ ጤነኛ ነው እናቴ። የሚሠራበት አጣ እንጂ።"

"ከላይስ?"

"ቧንቧው ላይ የበቀለ እጢ አለ። ካንሰር ነው። ቆጮው የቆመ ሰሞን ቢመጡ ኖሮ ሥራችን ይቀል ነበር" አለ።

"ቅቤ ይወርድልኝ ነበር እኮ" አለች እቴነሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እሷ ቅጠሉንም በቅቤ ነክራው ኖራለች።

አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ በዚህ ሰውነት ግን ቢላ አይሞከርም። መጀመሪያ ሥጋ ታብጅ ተባለ። ለዚያ ሆዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ምግቡ አፏን ሳያይ በቱቦው ይወርዳል።

"አልፈልግም" አለች። "ሰው በአፉ ነው የሚበላው። እንደ መኪና ጎማ ልነፋ?" ዕድሜዋን ሙሉ ቀምሳ የኖረች ሴት ናት፤ በምላሷ ነው ቤት የሠራችው፣ በምላሷ ነው ልጅ ያስተማረችው። ያለ አፍ መኖር ለእሷ ከመሞት ብዙም አይለይም ነበር።

ሩቲ ያን ጊዜ አለቀሰች። "እኔ የምፈልገው አንቺን ነው እማዬ። እንዴትም ሆነሽ ኑሪልኝ።"

ቱቦው ገባ። ቤት በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ሩቲ ወተት የበዛበት ቀጭን አጥሚት አሙቃ በትልቁ መርፌ ወደ ቱቦው ቀስ እያለች ትለቅ ጀመር። እቴነሽ ሙቀቱ ከእምብርቷ በላይ ሲዘረጋ ተሰማት። ጨጓራዋ ያለ አንድ ጉርሻ ሥራውን ቀጠለ፤ ረሃቧም ቀስ በቀስ አንቀላፋ። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። በዚያው ሰዓት ግን ከጓዳ የተነጠረ ቅቤ ከነኮረሪማው ሸተተ። የምሳ ሰዓት ነው፤ ሠራተኞቹ ይከትፋሉ። አፏ ምራቅ ሞላ። ሆዷ መጥገቡን ለአፏ የነገረው የለም፤ እንደ ድሮው ጉርሻውን ሊቀበል ተሰናድቶ ይጠብቃል። ምራቁን እንኳ መዋጥ አልቻለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰችና በጨርቅ ተቀበለችው፤ እንባዋንም በዚያው ጨርቅ ጠረገች።

ሩቲ መርፌውን ይዛ ቀረች። "ይብቃ እማዬ? ላቁም?"

እቴነሽ ከግድግዳው ሳትዞር ጨርቁን አጣጠፈችው።

"ጨምሪልኝ" አለች።