ዊኒ ደም ስታቆም

ዊኒ ጊልሂኒን በሰላሙ ቀን የሚወዳት አልነበረም። ምላሷ እሬት ነው፤ ዶሮዋ የሰው ማሳ ብትጭር ጥፋቱ የማሳው ነው። ለተቆረጠ ጣት የሸረሪት ድር ትለጥፋለች። ልጅ ሳለች የእንሽላሊት ሆድ ስለላሰች፣ የተቃጠለ ቆዳ በምላሷ ስትነካው ይሽራል። ይህን ሌሎችም ያደርጉታል። ደም ማቆም ግን በእኛ ደብር የእሷ ብቻ ነበር። ቁስለኛው ሩቅ ቢሆንም ስሙንና የእናቱን ስም ይነግሯታል፤ ቃሏን ታነበንባለች፣ ደሙ ይቆማል።

በሰኔ አንድ ቀን፣ ማላኪ ሣር ሲያጭድ ረጅሙ ማጭድ ባቱን ከፈለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ታናሽ ወንድሜ መሆኑን ያውቃል። እማዬ በሽርጧ ቁስሉን ጠፍራ ይዛ እኔን በብስክሌት ወደ ዊኒ ላከችኝ። ሐኪሙ ከተማ ነው፣ አይደርስም።

ዊኒ በሯ ላይ ድንች ትልጣለች።

«ምን ያክለፈልፍሻል? ቤት ተቃጠለ?»

«ማላኪ! እግሩን! ማላኪ፣ የዲሊያ ልጅ!»

ቢላዋውን ጥላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየና መዳፏ ላይ ተፋች። ቀይ ነበር።

«አልቆመም። ደሙ አፌ ውስጥ ነው። የሰጠሽኝ ስም አልያዘም።»

«ዲሊያ ናት እኮ፣ እትዬ ዊኒ! እማዬ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ብታታልዪኝም፣ ደሙን አታታልዪውም። ቶሎ በይ፣ እየሞተ ነው።»

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስሊጎ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ደብቀው አስወለዱኝ። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ «የኔ ነው» ብላ ወደ መንደር ገባች፤ እኔንም በመስቀል አስማለችኝ። ከዚያ ወዲህ እውነቱ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን እንዳይሞትብኝ ፈራሁ።

«ማላኪ፣ የአትራክታ ልጅ» አልኳት። የራሴን ስም።

እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረች። አሁን የተፋችው ንጹሕ ምራቅ ነበር።

«ሂጂ። እንዳታመሰግኚኝ፣ ቃሉ ይፈርሳል።»

ስመለስ ማላኪ የሣር ክምር ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ደሙ ግን ቆሟል። እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም።

«አትራክታ» አለኝ በቀስታ፣ «ቅድም አንዲት ሴት ጆሮዬ ሥር ጠራችኝ። የዲሊያ ልጅ ስትል ዝም አልኩ። የአትራክታ ልጅ ስትል አቤት አልኩ። ለምንድን ነው አቤት ያልኩት?»

አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩና ነገርኩት።