የአውሎ ጸጉር ከኋላ

እውነተኛ ስሟን የሚጠራው ጠዋት ጠዋት ስም የሚቆጣጠረው መምህር ብቻ ነው። ለቀረው ተማሪ «ቀለሜ» ናት። ቀለሜ የሚባለው መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚውል ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሷ ግን ስሙን ያገኘችው በሌላ መንገድ ነው። ጣቶቿ ከእስክርቢቶ ቀለም ነጽተው አያውቁም። ጠዋት በሳሙና ትፈትጋቸዋለች፤ ረፋድ ላይ ተመልሰው ሰማያዊ ይሆናሉ። የሒሳብ ውጤቷን ያየ ሰው ስሙ በስህተት የተሰጣት መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ነፍሷ የተንጠለጠለችው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በጌም፣ በሙዚቃና በሥዕል በሚተረክ ታሪክ።

ጌሙ ስልኳ ላይ ያለ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ኩርባ ሲመጣ መኪናው ብቻ ሳይሆን እሷም ትታጠፋለች። የባሰው ነገር ደግሞ ስልኩ በእጇ በሌለበትም በሐሳቧ መንዳቷ ነው። አንድ ቀን የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ቆይቶ ዞር ቢል፣ ቀለሜ ትከሻዋ የጎረቤቷን ደብተር እስኪነካ ተጋድማለች።

«አንቺ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ግራ ነው መምህር» አለች ሳታስበው።

«ጥሩ። በሩም በግራ በኩል ነው፤ በዚያው ውጪልኝ።»

ሙዚቃውን የምትሰማው በግማሽ ነው። የጆሮ ማዳመጫዋ የቀኙ ሞቷል፤ የቀረው የግራው ብቻ ነው። አንዳንድ ዘፈን ላይ ዘፋኙ በሞተው በኩል ስለሚቀር፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ከበሮና ጊታር ብቻ ነው። ግጥሙን ከራሷ ትሞላዋለች። አንድ ጊዜ ደህና ማዳመጫ ተውሳ የምትወደውን ዘፈን ሙሉውን ብትሰማው፣ ፊቷን አጨፍግጋ «የእኔው ይሻል ነበር» ብላ መለሰችው።

አባቷ ጸጉር አስተካካይ ነው። ረጅም፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ የሚሄድ፣ መቀሱን ከሚስቱ ቀጥሎ የሚያከብር ሰው። «እኔ የማልቆርጠው ጸጉር ገና አልበቀለም» ማለት ይወዳል። የልጁን ነገር ሲያነሳ ግን ያ ሁሉ ኩራት ወደ ብስጭት ይለወጣል። አንድ ምሽት እሷ ሰሃን ስታጥብ ከኋላዋ ቆሞ ሁልጊዜ የሚደጋግመውን ጀመረ።

«ጌም፣ ዘፈን፣ ሥዕል! ሦስቱ ሌቦች ናቸው። አንዱ ዓይንሽን፣ አንዱ ጆሮሽን፣ አንዱ እጅሽን ሰርቀውሽ ለትምህርት የተረፈሽ አፍንጫሽ ብቻ ነው! ስሚ፤ ከዛሬ ጀምሮ የዓመቱ ፈተና እስኪያልቅ ድረስ ሥዕል ስትስዪ ካገኘሁሽ፣ ወረቀቱም እስክርቢቶውም ስልኩም ጸጉር ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። ተስማማን?»

የቀለሜ የግራ ጆሮ በጸጉሯ ስር ሥራ ላይ ነበር። ከበሮው ጥሩ ቦታ ደርሶ ስለነበር ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ የባሰ ጥሩ ቦታ መጣና ደጋግማ ነቀነቀች።

አባቷ ዓይኑን ማመን አቃተው። ከሥራ ገብታ ጫማዋን በማውለቅ ላይ ወደነበረችው ሚስቱ ሮጠ። «ልጅቷ ልብ ገዛች! እሺ ያለችኝ እኮ አንዴ አይደለም፤ ደጋግማ ነው!»

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው። «እስኪ እንዳፍህ ያድርገው» ብላ ተኛች።

ቀለሜ መስማማቷን የሰማችው በማግስቱ ጠዋት ነው። «መቼ?» ብላ ጮኸች። «ራስሽን ነቀነቅሽ እኮ፤ ለእናትሽም ነግሬያታለሁ» አላት አባቷ። አልሰማሁም ብላ እንዳትከራከር፣ ለምን አልሰማሽም መባሉ አይቀርም። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባትና ዝም አለች።

ዝም ያለችው በአፏ ነው እንጂ እጇስ የሚቆም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «አውሎ» የሚባል የሥዕል ታሪክ ይከታተላል። አውሎ፣ ነፋስ ላይ የሚራመድ ወጣት ነው። ጠላቱ ጌታ ጸጥታ የሚባል መላጣ ሰው ሲሆን፣ የዓለምን ድምፅ ሁሉ እየለቀመ በጠርሙስ ያሽጋል። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ክፍል ይወጣል፤ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከግርጌው «ስውሩ እጅ» ከሚል በቀር የሠዓሊው ስም የለበትም። ስውሩ እጅ ቀለሜ መሆኗን ማንም አያውቅም። አንድ አፈ ጮሌ ጎረምሳ «እኔ ነኝ፣ አታውሩብኝ እንጂ» እያለ ሲንጎራደድ እየሰማች ታልፈዋለች። የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አውሎ ባለፈው ሳምንት ገደል አፋፍ ላይ በአንድ ጣቱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አሁን አባቷ ቢይዛት፣ አውሎ እስከ ፈተናው ማግስት በዚያች ጣቱ ሊሰነብት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉር ቤቱ ውስጥ አባቷን ታግዛለች፤ ወለል ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች። በዚያ ቅዳሜ የተለመደው ሹፌር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። ሹፌሩ ከጸጉሩ ይልቅ ለወሬው የሚመጣ ደንበኛ ነው። በሩ ተከፈተና የክፍሏ ልጅ ጫካው ገባ። ጫካው የተባለው አውሎ መውጣት ከጀመረ ወዲህ መቀስ ስላልነካው ነው። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ከኪሱ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አወጣ።

«ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ ያድርጉልኝ።»

ቀለሜ መጥረጊያውን ይዛ ደርቃ ቀረች። የራሷ እጅ ሥራ ነው።

አባቷ መነጽሩን አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው? ራሱ ላይ እሳት ተነስቶበት ነው?»

«አውሎ ነው ጋሼ! አያውቁትም እንዴ?»

«ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ» አለ ሹፌሩ ከአግዳሚው።

«ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ጋ ጸጉሩ የተከፈለው በቀኝ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ በግራ። የቱ ነው?»

«ነፋስ ዞሮበት ይሆናል» አለ ጫካው።

«ነፋስ ጸጉር ይበትናል እንጂ የተከፈለበትን መስመር ከቦታው አያነሳም! ይህን የሣለ ሰው በሕይወቱ መስታወት አይቶ አያውቅም።» ይህን እያለ ወረቀቱን ገለጠና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብ ጀመር። «ጌም፣ ዘፈን፣ ሥዕል... ሦስቱ ሌቦች...»

አባቷ ዘወትር የሚደጋግመውን ያን ንግግር ከወጥ ቤታቸው አንስታ ጌታ ጸጥታ አፍ ውስጥ የከተተችው ራሷ ቀለሜ ናት።

«ይሄ መላጣው ማነው?» አለ አባቷ።

«ክፉው ነው ጋሼ። ጌታ ጸጥታ።»

«ክፉ? እዚህ ወረቀት ላይ ቁም ነገር የተናገረ እሱ ብቻ ነው! እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው ክፉ ይባላል?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አንደበትም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ቀለሜ መጥረግ ቀጠለች።

አባቷ የፊቱን በመቀስ አስተካከለ፤ ጎኑን አሳሳው። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ አገላበጠ። «ከኋላስ? ከኋላው የታለ?»

ጫካው ወረቀቱን ተቀብሎ ፈለገ። ከኋላ የታየበት አንድም ሥዕል የለም።

«እንግዲያው ማጅራቱን በማሽን ሙልጭ እናደርገዋለን። ንጹሕ ይሆናል።»

«ጋሼ፣ እኔ እንጃ... ቢቀርስ...»

«ሙልጭ ይበል!» አለ ሹፌሩ። «ለጋ ነው፤ ያበቅላል።»

ማሽኑ ጮኸ። ወደ ማጅራቱ ቀረበ። በቀለሜ ልብ ስንት ነገር ነው ባንድ ጊዜ ያለፈው! ልጁ ስንት ጊዜ ያሳደገው ጸጉር፣ መሳቢያው፣ በጣቱ የተንጠለጠለው አውሎ።

«አባዬ አትንካው! ከኋላ ረጅም ነው!»

ማሽኑ ባለበት ቆመ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እ... ገደል ሲወድቅ እኮ የሚተርፈው የኋላ ጸጉሩ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ነው።»

ጫካው በመስታወቱ ውስጥ አያት። «ያ ክፍል ገና አልወጣም» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ሊያውቅ የሚችለው ስውሩ እጅ ብቻ ነው።»

ሦስቱም ሰዎች ባንድነት ጣቶቿን ተመለከቱ። መጥረጊያው ላይ ሰማያዊ ሆነው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ነሽ?!» አለ ጫካው ከነጨርቁ ብድግ ብሎ። «ታዲያ ያንን አፈ ጮሌ በየቀኑ ሻይ የምንጋብዘው ምን ሆነን ነው?»

አባቷ ማሽኑን አጠፋ። መሳቢያውን ከፈተ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀለሜ ምንም ሳትባል ስልኳንና እስክርቢቶዎቿን አምጥታ ከቁልፉ አጠገብ ደረደረች።

«መጀመሪያ የሰው ልጅ ጸጉር ጀምረን አንተውም» አለ አባቷ። «ከኋላ ምን እንደሚመስል ሣዪልኝ።»

ቀለሜ አቀረቀረች። «አልችልም።»

«እንዴት አትችዪም?»

«የኋላ ጸጉር መሣል አልችልም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ አንባቢው የማዞረው።»

«ሲሸሽ እንኳ ወደ ኋላው የሚሮጠው ለዚህ ነው?» አለ ጫካው። «እኔ እኮ ጀግንነት መስሎኝ!»

አባቷ እስካሁን አልተቆጣም ነበር፤ አሁን ተቆጣ። «የጸጉር አስተካካይ ልጅ! በዚህ ቤት ስንት ማጅራት ሲያልፍ አይተሽ! ነዪ ወዲህ!» የጫካውን ራስ እንደ ሐብሐብ በሁለት እጁ ይዞ አዞረው። «እዪው። ጸጉር ከአናት ነው የሚነሳው፤ እንደ ውሃ አዙሪት ዞሮ ይወርዳል። አንቺ ግን እንደ ሣር ነው የምትተክዪው።»

ሳሙና አነሳችና መስታወቱ ላይ ሣለች። አጠፋው። ደግማ ሣለች። በአውራ ጣቱ አንዷን መስመር ብቻ ጠረገና «አሁን ጸጉር ሆነ» አለ።

በመስታወቱ ላይ ባለው ሥዕል መሠረት ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ አድርጎ ጨረሰው። ቅባት ቀባው፤ በማድረቂያ ነፋው። ጸጉሩ እንደ ነበልባል ቀጥ ብሎ ተነሳ። ጫካው በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማድረቂያው ሲጠፋ ጸጉሩ ተደርምሶ ዓይኑን ሸፈነው። አባቷ እንደገና አበራው፤ ተነሳ። አጠፋው፤ ወደቀ።

«የማትቆርጠው ጸጉር ገና አልበቀለም አላልክም?» አለ ሹፌሩ።

«ቆረጥኩት እኮ! መቆም ያቃተው እሱ ነው።»

«አውሎ የሚኖረው ነፋስ ላይ ስለሆነ ነው» አለች ቀለሜ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው እኔም እሮጣለሁ» አለ ጫካው። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ፤ በመስኮቱ ሲያዩት እውነትም ጎዳናውን ሽቅብ እየሮጠ ነበር፤ ጸጉሩም ቆሞለታል።

አባቷ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። እሺ ብለሽኝ ነበር። ቃል ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ከአፌ አልወጣም አባዬ። ራሴን ነው የነቀነቅኩት።»

«ያው ነው!»

«አልሰማሁህም ነበር። የነቀነቅኩት ለከበሮው ነው።»

ሹፌሩ ሳቁ አፈነውና ወደ ግድግዳው ዞረ። አባቷ ግን አልሳቀም። ለሚስቱ በኩራት የነገራት ነገር ትዝ ብሎት ነው መሰል ጆሮው ቀላ።

«ለከበሮው!»

«ጥሩ ከበሮ ነበር» አለች፤ ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

ስልኩን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ጣለው። «ይሄ ፈተናሽ እስኪያልቅ እዚህ ያድራል። ሁለቱ ሌቦች ታሰሩ ማለት ነው።» እስክርቢቶዎቹን አንስቶ በመዳፉ ላይ እየመዘነ ቆየ። «ሦስተኛው በዋስ ይለቀቃል። ዋሱ እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ የለም፣ ክፍል ውስጥ የለም፤ የሒሳብ ልምምድሽን ጨርሰሽ፣ እዚሁ፣ ፊቴ። የገደሉ ክፍል ሳላየው አይወጣም። ጸጉሩ ካልተስተካከለ እንደተንጠለጠለ ይቆያል።»

«እሺ» አለች ቀለሜ፣ በዚህ ጊዜ በአፏ።

«ደግሞ ያ አስተዋዩ ሰውዬ እንዳይሞት።»

«አባዬ! እሱማ መሸነፍ አለበት!»

«ይሸነፍ፤ ግን ይኑር። የሚመክራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።» መሳቢያውን ቆልፎ እስክርቢቶዎቹን አቀበላት። «በይ፣ አሁን ልምምድ። የኋላ ራስ።»

ቀለሜ ወረቀት ይዛ ቤቱን ቃኘች። ከሹፌሩ በቀር ሰው የለም። አባቷ ሹፌሩን ትከሻውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረውና ኮፍያውን ከራሱ አነሳ።

«እኔን ተዉኝ እንጂ» አለ ሹፌሩ እጁን አናቱ ላይ እየጫነ። «እዚያ አካባቢ ትንሽ ሳስቶብኛል።»

አባቷ እጁን ከአናቱ ላይ አንስቶ አየና፣ ለልጁ በአገጩ አመለከታት።

«ጥሩ ነው። ከቀላሉ ጀምሪ።»