የጀማል ፍርምባ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬም የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ ግማሹ ጨርሶ አይጸጽተኝም።

የነዳጅ ዋጋ ወድቆ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በሙሉ ሥራ የፈታበት ጊዜ ነበር። እኔና ጀማል ከአንድ ኩባንያ በአንድ ጠዋት ተባረርን። እሱ ቶሎ ብሎ የሐላል ሥጋ ቤት ተቀጠረ፤ እኔ ዋይትሆርን ሰፈር ቤቴ ጓሮ ውስጥ ባዶ የሥጋ ማጨሻዬን ስወለውል ከረምኩ። የልጄ ክርስትና ሲደርስ እንኳንስ የፍርምባ የጎድንም መግዣ አልነበረኝም። ጀማል ይህን ሰምቶ አንድ ትልቅ ፍርምባ ታቅፎ መጣ።

"ሥጋው ከእኔ፣ ስሞክ ማድረጉ ካንተ" አለኝ።

ተቀበልኩ። እንግዶቼ እስላም ያረደውን እንደማይበሉ እያወቅኩ ተቀበልኩ። በርበሬና ጨው አሽቼ ከንጋት ጀምሮ በፖም እንጨት ጭስ አበሰልኩት። እንደዚያ ያለ ፍርምባ ከዚያ ወዲህ አልወጣልኝም።

ጋሼ ተስፋዓለም፣ ልጄን ክርስትና ያነሡት አዛውንት፣ ሳይቀምሱ ጠየቁኝ።

"ሥጋው ከየት ነው ልጄ?"

"ከፋርም ነው ጋሼ። እኛው ሄደን በስመ አብ ብለን አርደን።"

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ጀማል አጠገባችን ቆሞ እየሰማ ነው ያልኩት። ጋሼ ግን ደግ ሰው ናቸውና ዞር ብለው "ለጀማልስ የራሱ ተዘጋጅቷል? እንግዳ ጾሙን እንዳያድር" አሉ።

ምን አደረግኩ? ከዚያው ፍርምባ ቆርጬ በፎይል ጠቀለልኩና ጥግ ያለች ጠረጴዛ ላይ ለብቻው አቀረብኩለት። "ይኸው፣ የአንተ ሐላል ነው" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ራሱ ያመጣውን ሥጋ ከሰው ተነጥሎ በላ። ጋሼ ደግሞ ደጋግመው አስጨመሩ።

ጀማል ሲወጣ በር ላይ ያዝ አደረገኝና "ለጋሼ እንዳትነግራቸው፣ በጣም ይከፋቸዋል" አለኝ።

አሁን ፍረዱኝ። በሥጋው ከሆነ ቀኖና አልቀበልም! ሱፐርማርኬት የታሸገውን ማን እንዳረደው ጠይቆ የሚያውቅ አለ? የተቸገረ ወንድሙን ያሰበ ሰው ያመጣው ሥጋ ማንን ያረክሳል? ጋሼም ይህን አንብበው ይቆጡኝ፤ መዋሸቴን አምናለሁ፣ ማብላቴን ግን አልክድም።

ጀማልን ግን እኔው ነኝ ጥግ ያስቀመጥኩት። ሥራ አጥቼ ነው አልልም፤ ደንግጬ ነው አልልም። ፎይሉን የጠቀለልኩት አስቤበት ነው። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ገና ሳልጨርስ "ምን ሆነሃል፣ ተወው" እንደሚለኝ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ርካሽ ይቅርታ አይገባኝም።