ድንች ከየትኛው ምድብ ነው?

ጀማሉዲን ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ከኮምቦልቻ ጭኖ አንዴ ወደ ባቲ፣ አንዴ ወደ ሸዋ ሲል ምሳውም እራቱም ሆቴል ነበር። ምግብ ከማድቤት ሲወጣ እንጂ እንዴት እንደሚሰናዳ አይቶ አያውቅም።

ጡረታ ወጥቶ ደሴ ሆጤ ካለው ቤቱ እንደተቀመጠ ሚስቱ ጣይባ ደጅ ስትጠርግ ዞሮባት ወደቀች። ጤና ጣቢያ ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ትህትና የምትባለው ነርስ ኪኒኑን ሰጥታ ስታበቃ ወደ እሱ ዞረች።

“አባባ፣ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም። በየቀኑ ከየምድቡ ትብላ። ከእህሉ፣ ከጥራጥሬው፣ ከአትክልቱ፣ ከፍራፍሬው፣ ከእንቁላሉም ከሥጋውም። እያሰባጠሩ ይስጧት።”

“አብሽሪ፣ ራሴ ነኝ የምሠራላት” አላት።

ገበያ ሲወጣ ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሴቶች ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ጎመኑን ጎን ለጎን ዘርግተዋል። ድንቹን መረጠ። አትክልት ከሚሸጥ ሰው የተገዛ ነገር አትክልት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሩዙንም ፍሬ ፍሬ ስለሆነ ከጥራጥሬ ቆጠረው። ድንቹን ወጥ ሠርቶ፣ ሩዙን ቀቅሎ፣ ከእንጀራ ጋር አቀረበላት። ጣይባም ያቀረበላትን በላች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ አበላት።

እሑድ ዕለት ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ሳሊሃ መጣች። ትሪውን አየችና ሳቋ አመለጣት።

“አባ፣ ይኼ እኮ ሁሉም አንድ ምድብ ነው!”

“እንዴት ሆኖ? ድንች አትክልት አይደል እንዴ?”

“ነው፤ ግን ለምግብ ሲሆን ከእህሉ ጋር ነው የሚቆጠረው። ሩዙም እንደዚያው።”

“ሽሮስ? መቼም ዱቄት ነው፣ ከእህል ነው።”

“ሽሮማ ጥራጥሬ ነው። የተፈጨ አተርና ሽንብራ አይደል?”

ጀማሉዲን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። “ያረቢ! ጎመንን እንኳ እንዳትወስጅብኝ።”

“ጎመን አትክልት ነው፣ አብሽር።”

በማግሥቱ ምስር ወጥ ሠራ፣ ጎመን ቀቀለ፣ ሙዝ ላጠ፣ አንድ እንቁላልም ጨመረ። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ማዕድ ቀረቡ። ጣይባ እንቁላሉን አንስታ በእሱ በኩል አስቀመጠችው።

“አንቱ ይብሉት።”

“የታመምሽው አንቺ አይደለሽም?”

“ልማድ ሆኖብኝ ነው።”

“እኔ መንገድ ላይ ስሆንስ ማን ነበር የሚበላው?”

“ሳሊሃ። የተረፈውን አንቱ እስኪመጡ አስቀምጥ ነበር።”

“አንቺስ?”

“እንጀራ በድልህ። ምን ጎደለኝ? አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤ ነው የማድረው።”

ጀማሉዲን የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ቤቱ መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከባቲ ቅቤ፣ ከሐርቡ ፓፓያ ሳይዝ የገባበት ቀን ትዝ አይለውም። ያ ሁሉ ታዲያ በማን ሆድ አለፈ? በእሱ፣ በልጅቱ፣ በእንግዳው። ማንን ይቆጣ? እሷን? አልከለከላትም እኮ። ግን ይብሉ ይብሉ ብላ ስታቀርብለት፣ አንቺስ ብሎ ጠይቆም አያውቅም። ነገሩ ከድንቹም በላይ ዞረበት።

“ካልበላሽው ወላሂ እኔም ምንም አልቀምስም” አለና እጁን ሰበሰበ።

ወጡ ቀዘቀዘ። ጣይባ አንዴ እሱን፣ አንዴ እንቁላሉን አየች። በመጨረሻ አቀርቅራ፣ ያልተፈቀደላትን እንደምትበላ ሰው፣ በትንንሹ እየቆረሰች በላችው። እሱም እንደገና እጁን ዘረጋ።

ከወር በኋላ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲመለሱ የደሟ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ።

“ምን እያበሏት ነው?” አለች ትህትና ደስ ብሏት።

“እኔ የምበላውን” አለ ጀማሉዲን። ነርሷ ዝርዝሩን ትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ወደ ጣይባ ዞሮ፣ “ተነሺ፣ ምሳ ደርሷል፤ አብረን እንበላለን” አላት።